«ሁለት ቀን ዝም ይልና ይመለሳል»

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጅ አለችኝ። እንቅልፏ ቀላል ነው። እሷን አስተኝቼ እኔም ጎኔን ላሳርፍ ስል አልጋው «ሲጢጥ» ይላል፤ እሷም ዓይኗን ትገልጣለች። አልጋው የእንጨት ነው፣ በብሎን የሚገጣጠም። ከገዛነው 4 ዓመት ሆኖታል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ብሎኖቹን በሙሉ አጥብቋቸዋል። ሁለት ቀን ዝም ይልና ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የምግብ ዘይት አፈሰሰበት። አሁን ድምፁም አለ፣ ሽታውም አለ። አዲስ ከመግዛታችን በፊት መላ ካለ ንገረኝ።
እንቅልፍ የናፈቃት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽን አትቆጪው። እሱ የሠራውን ሁሉ እኔም ሠርቻለሁ፣ ዘይቱን ጭምር። አንድ እሁድ ሙሉ የራሴን አልጋ ብሎን ሳጠብቅ ዋልኩ። አንዱን ባለ በሌለ ኃይሌ ስጠመዝዘው «ቀጭ» አለና በባዶ መዞር ጀመረ። ቺፕውዱ ውስጥ ውስጡን ተፈርፍሯል። ማታ ስተኛ ሲጢጥታው እንደነበረ ነው። ለካ ድምፁ ከብሎን አልነበረም። ፍራሹን ከሚሸከመው ርብራብ አንዷ ጣውላ ከጎኑ እንጨት ጋር እየተፋተገች ነው የምትጮኸው። የሻማ ቁራጭ ይበቃት ነበር። እኔ ግን አንድ ማዕዘን አበላሸሁ።

ስለዚህ የብሎን ቁልፉን ለጊዜው አስቀምጡት። መጀመሪያ ድምፁ ያለበት ቦታ ይገኝ።

ፍራሹን አውርዳችሁ ወለሉ ላይ ተገላበጡበት። ከጮኸ ጥፋቱ የስፕሪንጉ ነው፣ አልጋውን አትንኩት። ዝም ካለ አልጋውን ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርጉት። ራስጌው ግድግዳ እየነካ ሰው የሚያሞኝበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የሁለት ሰው ነው። አንዳችሁ ባዶውን አልጋ ጥጉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። ሌላችሁ መዳፋችሁን መገጣጠሚያው ላይ አሳርፉ። ጆሮን ብዙ አትመኑት። እንጨቱ ድምፁን ይዞት ስለሚሄድ ግርጌ የተፈጠረው ራስጌ ያለ ይመስላል። የሚፋተገው ቦታ ላይ ግን ንዝረቱ መዳፍ ላይ ይታወቃል። ከዚያ ባትሪ አብሩና እዩት። ቀለሙ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ነገር ወይም ከሥሩ የተጠራቀመ ደቃቅ ብናኝ ካያችሁ ተገኘ ማለት ነው። የእኔዋ ጣውላ ጫፏ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ እንደ መስታወት ለስልሳ ነበር። ያን ሁሉ ብሎን ከማጥበቄ በፊት ጎንበስ ብል ኖሮ አያት ነበር።

ድምፁ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ያዝ፣ ሸርተት፣ እንደገና ያዝ ሲደራረጉ ነው፤ ያውም በአንድ ሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ። የበር ማጠፊያም የሚጮኸው እንዲሁ ነው። ወይ ጨርሶ እንዳይንቀሳቀሱ ታስሯቸዋላችሁ፣ ወይ ሳይጮኹ እንዲንሸራተቱ ታደርጋላችሁ። የሚጮኸው ርብራቡ ከሆነ ጣውላው የሚያርፍበትን ቦታ በደረቅ ሻማ እሹት፣ ወይም ያረጀ ካልሲ ቆርጣችሁ ጫፉን አልብሱት። የ10 ደቂቃ ሥራ ነው።

የእናንተ ግን ርብራቡ አይመስለኝም። «ሁለት ቀን ዝም ይልና ይመለሳል» ያልሽው ብዙ ነገር ነግሮኛል። ሲጠብቅ ዝም የሚል ከሆነ ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ከተመለሰ ደግሞ የሚያላላው ነገር አለ።

እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ወለሉን ነው። አንድ ወረቀት ወስደሽ በአራቱም እግሮች ሥር ለማስገባት ሞክሪ። በአንዱ ሥር ያለ ችግር ካለፈ ያ እግር ተንጠልጥሏል። እናንተ በተገላበጣችሁ ቁጥር አልጋው ይጣመማል፣ ብሎኑም ቀስ በቀስ ይላላል። ከሥሩ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ወይም ጎማ አድርጉለት። ካርቶን አይሆንም፣ ተጨፍልቆ ያልቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሮንዴላ አለመኖር ነው፤ ከብሎን ራስ ሥር የምትገባዋ ክብ ቀለበት ማለቴ ነው። የብሎኑ ራስ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ካረፈ እየሰመጠ ይሄዳል፤ ሲሰምጥ ደግሞ ይላላል። ሰፋ ያለ ሮንዴላ ጨምሩበት።

ከዚያ ብሎኖቹን ሁሉ ትንሽ አላሉና አልጋውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትለፉ። እየዞራችሁ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። «በቃኝ» ሲላችሁ ተዉት። አለበለዚያ የእኔ እሁድ ይደርስባችኋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ነካ ነካ አድርጓቸው። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ የአየሩ ጠባይ ሲቀየርም አንዴ ማየት አይከፋም።

በባዶ የሚዞር የእንጨት ቪቴ ካገኛችሁ ደግሞ ንቀሉት። ስቴኪኒዎች የእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳውን እስኪሞላ ጠቅጥቁበት፣ ትርፉን ቁረጡት። 24 ሰዓት ካደረ በኋላ ቪቴውን መልሳችሁ እሰሩት። የእኔን ማዕዘን ግን ይህ አላዳነውም። ቺፕውድ አንዴ ከፈራረሰ ከጀርባው ጠንካራ እንጨት ተደርቦለት ነው የሚታሰረው።

ወደ ዘይቱ ስመጣ፣ የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ቆይቶ ይሻግታል፣ እንደ ሙጫም ይሆናል። አቧራውንም ይሰበስባል። ለብ ባለ ውኃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ። ኮላ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን አትዝለሉት፤ ዘይት በነካው እንጨት ላይ ኮላ አይዝም።

ይህን ሁሉ ልጅቱ ነቅታ ስትጫወት አድርጉት። ብሎንና ሮንዴላ ግን አንድ ጣሳ ውስጥ ይቀመጥ። በ8 ወር ዕድሜ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፍ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ የብረት አልጋ ነው። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፋሁበት። ዝምታው ሳምንት አልቆየም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ስፕሬይ የተጣበቀ ብሎን ለማላቀቅ ጎበዝ ነው። ቀጭን ስለሆነ ግን ቶሎ ይጠፋል። መገጣጠሚያውን ፍታው፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገባ፣ ካልተገኘ ስስ ግራሶ ቀባ። ስታጸዳ ብየዳው ላይ ስንጥቅ ብታይ ግን ግራሶውን ተወው። በያጅ እስኪያየው ድረስ ፍራሹን መሬት አውርደህ ተኛ።