«ልጄ ነድቶ እኔ ልክፈል?»

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። የ20 ዓመት ልጄ ፒክአፔን ይዞ ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ጣርማበር ላይ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ አንድ ገበሬ ገጨ። የሰውየው እግር ተሰበረ፤ ይነዳቸው ከነበሩት በጎችም አንዱ ሞተ። ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው። የመኪናዋ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግን ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ሊብሬው በእኔ ስም ነው። ሽማግሌዎች 60,000 ብር ከፍለን ተፈራርመን እንጨርስ ይላሉ። እኔ ሳልነዳ እጠየቃለሁ? በእርቅስ ያልቃል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ነፍስ ተረፈ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አዎ ነው፤ ይጠየቃሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድዎ ቢነዳም ያው ነው። መኪናው ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ማስረዳት የቻለ ባለቤት ግን ያመልጣል። ልጅዎም በጥፋቱ አብሮ ሊከሰስ ይችላል፤ ግን ንብረት ያለው እርስዎ ጋ ነው።

«ጭጋግ ነበር፣ ምን ያድርግ?» እንደሚሉ እገምታለሁ። የጣርማበርን ጭጋግ የማያውቅ የለም። ቢሆንም ቁጥር 2086 «ጥፋት የለብኝም፣ ላስቀረው አልችልም ነበር» የሚለውን መከላከያ አይቀበልም። ኃላፊነትዎን የሚቀንሰው ወይም የሚያስቀረው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) በደንብ ይዩት። ሰውየው የመንገዱ ዳር ላይ ነበር ወይስ አስፋልቱ መሃል? ብዙ ነገር እዚያ ላይ ይወሰናል።

ኢንሹራንሱ ቢኖር ኖሮ ኩባንያው ሕጉ እስከወሰነው ጣሪያ ይከፍልልዎ ነበር። አሁን ያ የለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ ካሳ መጠየቅ ይችላል። እርስዎን ግን ነጻ አያወጣዎትም፤ ፈንዱ የከፈለውን ዞሮ ከእርስዎ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሦስተኛ ወገን የሌለውን መኪና መንዳትም፣ እንዲነዳ መፍቀድም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ካሳው የሚሰላው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። የሕክምናና የመድኃኒት ደረሰኝ፣ ሆስፒታል ሲመላለስ ያወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የበጉ የገበያ ዋጋ አለ። ከሁሉም የሚከብደው የቀረበት ሥራ ነው። እግሩ የተሰበረ ገበሬ ሞፈር አይዝም። እርሻው እንዳያልፍበት ሰው ቀጥሮ ካሳረሰ ያንን ይጠይቃል። ማሳውን ለእኩል ከሰጠም ግማሹ ምርት ሄደበት ማለት ነው። እግሩ እንደ ቀድሞው ካልሆነ ደግሞ የወደፊቱም ገቢ ይታሰባል።

ለዚህ ነው 60,000 ብሩ ላይ ዛሬ አትፈራረሙ የምለው። ስንት ዓይነት ጉዳት እንዳለ ሳይታወቅ የተጻፈ ወረቀት ሁለታችሁንም ይጎዳል። ሰውየው ወራት ቆይቶ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ቢባል ወይ እሱ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ወይ እናንተ እንደገና ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ። አሁን ሕክምናውን ይቻሉት፤ የሰጡትን እያንዳንዱን ብር በምስክር ፊት አስፈርመው ይስጡ። የሐኪም ቦርድ ማስረጃው ሲወጣ እርቁን በጽሑፍ አድርጉት። የትኛው ጉዳት እንደተካሰ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የቀረ ጥያቄ መኖር አለመኖሩ በግልጽ ይጻፍ። ክስ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው አድርጉ።

እርቁ የሚዘጋው ግን የካሳውን በር ነው። በቸልተኝነት ሰው መጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ያስከስሳል። ጉዳቱ ከባድ ከተባለ ደግሞ «ታርቀናል» በማለት ብቻ ክሱ አይቀርም። እርቁ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ተጎጂን መርዳትና መካስ በአንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልላል። ሰውየው ሞቶ ቢሆን ኖሮ አንቀጽ 543 ይመጣ ነበር፤ በአሽከርካሪ ላይ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ አለው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እንዲህ ባለ ጊዜ «ልምድ ያለው ሰው እኔ ነበርኩ የነዳሁት ይበል» የሚል መካሪ አይጠፋም። እሺ እንዳይሉ። ፍትሕን ማሳሳት ሌላ ወንጀል ነው፤ ልጅዎን ለማዳን ሲሉ ሦስት ሰው እስር ቤት ያስገባሉ። ልጁ ፖሊስ ሲጠራው ይቅረብ፣ ቃሉን እውነቱን ይስጥ፤ ከዚያ በፊት ጠበቃ ቢያማክር የተሻለ ነው።

የካሳ ክስ በመደበኛው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ነገሩ ወንጀል ሲሆን ግን ጊዜው ሊረዝም ስለሚችል ደረሰኞችዎንና የተፈራረማችሁባቸውን ወረቀቶች አይጣሉ። ፒክአፗንም ሦስተኛ ወገን ሳይገባላት ከግቢ አያውጧት።