የ22 ዓመት ሕይወት ከየት ተጀምሮ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በ22 ዓመቱ በጦር ሜዳ ወድቋል። ወታደር ከሆነ ገና 2 ዓመት አልሞላውም ነበር። አስከሬኑን አላገኘንም፤ የደረሰን ከአዛዡ የተላከ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሲሆን፣ በጀግንነት ሲዋጋ ቆስሎ ሳይሠቃይ ወዲያው እንዳረፈ ይገልጻል። በመጀመሪያው ዓመት መታሰቢያው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ አደራ ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን «ተወለደ፣ ተማረ፣ ዘመተ፣ ተሠዋ» ብዬ በሁለት አንቀጽ አለቀብኝ። አባታችን ውትድርናው ጎልቶ እንዲነገር ይፈልጋሉ፤ እናታችን ደግሞ ስለ ጦርነቱ አንድም ነገር እንዲነሣ አይፈቅዱም። ወንድሜ ግልፍተኛ ነበር፤ ትምህርቱንም አቋርጧል። ይህስ ይጻፋል? (እኅቱ)

መልስ፦ መጽናናትን ይስጥዎ። ጽሑፉ በሁለት አንቀጽ ያለቀብዎ የሚነገር ነገር ጠፍቶ ሳይሆን፣ የሞተበትን ቀን የሕይወቱ ሁሉ መድረሻ አድርገው ስለተነሡ ይመስለኛል። ከ22 ዓመቱ 20ው ከውትድርና በፊት ያለፈ ነው። ያን ዘመን የሚያውቁት ደግሞ አዛዡ ሳይሆኑ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ከዘመቻው አይጀምሩ፤ ምን ያስቀው እንደነበረ፣ ከማን ጋር ይውል እንደነበረ፣ ገንዘብ እጁ ሲገባ ምን ያደርግበት እንደነበረ፣ ሊሆን ያሰበውና ሳይሆን የቀረው ምን እንደሆነ አስቀድመው ይጻፉ። ጀግና፣ ቆራጥ፣ አገሩን ወዳድ የሚሉት ቃላት ለወደቀ ወታደር ሁሉ የሚነገሩ በመሆናቸው፣ ያለ አንድ የታየ ሥራ ወይም የተሰማ ንግግር ብቻቸውን ቢቆሙ ወንድምዎን ከጎኑ ከወደቀው ጓደኛው ለይተው አያሳዩም።

የአዛዡን ደብዳቤ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የጦር መኮንኖች ለሟች ቤተሰብ በሚጽፏቸው ደብዳቤዎች፣ አሟሟቱ የከፋ በነበረበት ጊዜ እንኳ፣ ወዲያው ሞተ፣ አልተሠቃየም ብለው መጻፍ የተለመደ ነበር፤ ይህን የሚያደርጉት ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ ነው። የእናንተም ደብዳቤ እንዲሁ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን በዓይን ያላያችሁትን በራሳችሁ ስም ከምትመሰክሩ «አዛዡ እንደጻፉልን» ብሎ ማስቀመጥ ይበቃል። ነገ የተለየ ነገር የሚናገር የጦር ጓደኛ ቢመጣ ጽሑፉ ውሸት ሆኖ አይገኝም።

ጓደኞቹን ግን መጥተው እስኪነግሯችሁ ሳትጠብቁ ፈልጓቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ የ18 ዓመት ልጁ ጆን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1915 ፈረንሳይ ውስጥ በሎስ ውጊያ ከጠፋበት በኋላ ለዓመታት ከጦርነቱ የተመለሱትን ወታደሮች እየፈለገ ይጠይቅ ነበር፤ የልጁንም ክፍለ ጦር ታሪክ በሁለት ቅጽ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1923 አሳትሟል። ስለ ገዛ ልጁ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ያሰፈረው እጅግ ጥቂት ነው። የእርስዎ ጥያቄ ሰፋ ይበል፦ ሌሊት በጥበቃ ላይ ስለ ምን ያወሩ ነበር? ስለ ቤተሰቡስ ምን ይል ነበር? «እንዴት ሞተ?» በሚለው ከጀመሩ ምስክሩም አንገቱን ይደፋል፤ እርስዎም ሌላውን ለመጠየቅ አቅም ያጣሉ። የሰሙትን ሁሉ ከተናጋሪው ስምና ከዕለቱ ጋር በማስታወሻ ይያዙ። በስልክ የላካቸውን የድምፅ መልእክቶች ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጧቸው፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ለፍቅረኛው የጻፈው ካለ ግን የእርሷ ፈቃድ ሳይኖር አይነበብም።

አባትና እናትዎ የሚፈልጉት የተራራቀ ይምሰል እንጂ አንድ ጽሑፍ ሁለቱንም ይይዛል። ጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ ኬተ ኮልቪትስ፣ የ18 ዓመት ልጇ ፔተር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1914 ቤልጅየም ውስጥ ሲገደል መታሰቢያውን ለመቅረጽ ተነሣች። ፔተር ዕድሜው ስላልደረሰ ያለ አባቱ ፈቃድ መዝመት አይችልም ነበር፤ አባቱን አግባብታ ያስፈቀደችለት እርሷ ራሷ ነበረች። መጀመሪያ ያሰበችው የልጇን ምስል ነበር፤ እየጀመረች እየተወች ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1932 በመቃብሩ ስፍራ የቆመው ግን የተንበረከኩ አባትና እናት ሐውልት ነው፤ ልጁ የለበትም። እርሷን 18 ዓመት የፈጀ ነገር በጥቂት ሳምንት ተጽፎ እንዲያልቅ ከእርስዎ መጠበቁ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህን ለዕለቱ የሚነበብ የመጀመሪያ ጽሑፍ ብቻ አድርገው ይዩት። በእርሱ ውስጥ ውትድርናው የዘመተበትን ጊዜ፣ የክፍሉን ስምና የተመሰከረለትን በሚገልጽ አንድ አንቀጽ በክብር ይነገር፤ አባትዎ ልጃቸው እንዳልተረሳ መስማት ይሻሉ። ውጊያውን ግን አይተርኩ፤ እናትዎን የሚያሳምማቸው ይኸው ነውና።

ግልፍተኛነቱን ይጻፉት። ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን ጠባይ ቢደብቁ አድማጩ የቀረውንም ይጠራጠራል፤ ይሁን እንጂ ተቆጥቶ ወጥቶ እንዴት ይመለስ እንደነበረ፣ ማንን ቀድሞ ያናግር እንደነበረ ጨምረው ይጻፉት። ትምህርቱን ማቋረጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ምክንያቱ የሌላ ሰው ገመና ከሆነ ደግሞ ይለፉት።

ርዝመቱ ሲነበብ ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ከመታሰቢያው ቀን አስቀድመው ለእናትዎና ለአባትዎ በየተራ፣ ለየብቻቸው ያንብቡላቸው፤ ይውጣ የሚሉትን ያውጡ፤ ያወጡትን ግን አይጣሉት፣ ከደብዳቤዎቹ ጋር ያስቀምጡት። በዕለቱ ድምፅዎ እንዳይከዳዎ ከሰጉም ጽሑፉን ተቀብሎ የሚቀጥል አንድ የቅርብ ዘመድ አስቀድሞ ይዘጋጅ።