ላፕቶፕዎ ሲያረጅ፦ መጀመሪያ የሚቀየረው ሃርድ ዲስኩ ነው ወይስ ራሙ?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራ ሲሆን 4 ጊጋባይት ራም፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ እና ዊንዶውስ 10 አለው። ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ብዙ ያስጠብቀኛል፤ ጽሑፍ እየጻፍኩ ጥቂት ድረ ገጾችን ስከፍት ደግሞ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ እየበራ ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። አንዱ ወዳጄ ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት እንዳሳድግ፣ ሌላው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ እንድቀይር መክረውኛል። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አቅም ስለሌለኝ የቱን ላስቀድም? ፋይሎቼንስ ሳላጣ ማዛወር እችላለሁ?

መልስ፦ ኤስኤስዲውን፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን የመረጃ ማከማቻ፣ ያስቀድሙ። ምክንያቱን ማወቅዎ ግን ይጠቅማል፤ ራም መጨመር ያስፈልግዎ እንደሆነ የሚወስኑትም በእሱ ነውና።

ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚያነበው በሚሽከረከር ሳህን ላይ ወዲያና ወዲህ በሚሄድ ክንድ ነው። በእርስዎ ዲስክ ፍጥነት፣ የተፈለገው ቦታ ዞሮ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ ብቻ በአማካይ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ክንዱ የሚጓዝበት ጊዜ ሲታከልበት እያንዳንዱ ንባብ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ይህ መዘግየት እምብዛም አይታወቅም፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በዲስኩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሚጠራ፣ ጥቃቅኑ ጥበቃ ተደራርቦ ደቂቃዎች ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ለዚያው ጥሪ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ይሰጣል።

የራም፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል፣ እጥረትም ቢሆን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ዲስኩ ላይ ነው። 4 ጊጋባይቱ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይሠራበትን ክፍል ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ሲፈልገውም መልሶ ያነሣዋል። ድረ ገጾች ሲከፍቱ ሳያቋርጥ የሚበራው መብራት በአብዛኛው የዚህ ምልልስ ምልክት ነው። ዲስኩ ፈጣን ሲሆን ያው እጥረት ማሽኑን ማቆሙን ትቶ ጥቂት የሚያዘገይ ብቻ ይሆናል። ራሙን ብቻ ቢጨምሩ ግን ማሽኑ ሲነሣም ሆነ ፕሮግራም ሲከፍት የሚያስጠብቅዎ ነገር እንዳለ ይቀራል።

ከመግዛትዎ በፊት የዲስኩን ዓይነት ያረጋግጡ። በዚያ ዘመን የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የሚቀበሉት 2.5 ኢንች የሆነውንና ሳታ በተባለው ማገናኛ የሚሰካውን ኤስኤስዲ ነው። የኤስኤስዲው ውፍረት ብዙውን ጊዜ 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይዞ በነበረ ቦታ ላይ ቢላላ በስስ የፕላስቲክ ማስሞያ ይስተካከላል። እንደ ማስቲካ ቀጭን ሆኖ የሚሸጠውን፣ ኤንቪኤምኢ የተባለውን የኤስኤስዲ ዓይነት ፈጣን ነው ብለው አይግዙ፤ ማሽንዎ ሶኬቱ ከሌለው አይገባም፣ ሶኬቱ ቢኖረው እንኳ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ዊንዶውስን ከእሱ ማስነሣት ላይችል ይችላል።

ፋይሎችዎን በሚመለከት፣ ከምንም በፊት የሚያስፈልግዎን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ባክአፕ ይያዙ። በዚህ ላይ ምንም ቅናሽ አላደርግም፤ የሠሩት ሥራና የቤተሰብ ፎቶግራፍ በገንዘብ አይተካምና። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኤስኤስዲውን ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ አገናኝቶ አሮጌውን ዲስክ ከነሙሉ ይዘቱ እንዳለ መገልበጥ (ክሎን ማድረግ) ነው። በዚህ ጊዜ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ ደጋግመው ያጣሩ፤ ከተምታታ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ተጽፎ ሁሉም ይጠፋል። ሁለተኛው ዊንዶውስን በአዲሱ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ መጫን ነው። እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመው አላስፈላጊ ፕሮግራም አብሮ አይሻገርም። መልሰው ለመጫን የሚቸገሩበት ፕሮግራም ካለዎት ግን ክሎን ይሻልዎታል። አሮጌው ዲስክ የመንቋቋት ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ክሎን አይሞክሩ፤ አንገብጋቢዎቹን ሰነዶች መጀመሪያ ያውጡ። ዲስክዎ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነም የመልሶ መክፈቻ ቁልፉን ሳይጽፉ ሥራውን አይጀምሩ።

ሲፈቱ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውን ያውጡ ወይም ውስጥ ከሆነ ማገናኛውን ያላቅቁ፣ የማብሪያውን ቁልፍም ጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ ከየት እንደወጡ በቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ሽፋኑን በካቻቢቴ ጫፍ ከመፈልቀቅ በስስ ፕላስቲክ ማላቀቅ ይሻላል።

አዲሱን ዲስክ ከለመዱት በኋላ የዘወትር ፕሮግራሞችዎን ሁሉ ከፍተው ታስክ ማናጀር በተባለው የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ላይ የራሙን አጠቃቀም ይመልከቱ። ዘወትር ከ80 በመቶ የማይወርድ ከሆነ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ያሳድጉ፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 16 አያስፈልግዎትም። የጫኑት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይጠቀም አስቀድመው ወደ ባለ 64 ቢት መቀየር ይኖርብዎታል።

ሳልነግርዎ የማላልፈው አንድ ጉዳይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ2014 የነበሩትን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይደግፍም። ኤስኤስዲም ሆነ ራም ይህን አይለውጥም። ለማሽኑ ገንዘብ የሚያወጡት ለበርካታ ዓመታት ሊገለገሉበት ከሆነ፣ አዲሱን ዲስክ ሲያስገቡ በዊንዶውስ ፈንታ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ የደኅንነት ማሻሻያ የማይቋረጥበትን ሥርዓት መሞከር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ሁለት የራም ሶኬት አለው። በአንዱ ላይ 4 ጊጋባይት ስላለ በባዶው 8 ጊጋባይት ብጨምር ችግር ያመጣል? የገዛሁት ራም ላይ ዲዲአር 3 ይላል።

መልስ፦ መጠናቸው መለያየቱ በአብዛኛው ችግር የለውም፤ ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ልክ ይሠራሉ። የሚያሳስበኝ ቮልቴጁ ነው። መደበኛው ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ሲሠራ፣ ዲዲአር 3 ኤል በ1.35 ቮልት መሥራት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጡ ብዙ ላፕቶፖችም የሚቀበሉት ዝቅተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ በነባሩ ራም ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ያመሳስሉ፤ ኤል የሚል ካለበት የገዙትን ይመልሱ። ሲያስገቡት አጋድመው ወርቃማው ጥርስ ከሞላ ጎደል እስኪሸፈን ይግፉትና ወደ ታች ሲጫኑት የጎንና የጎን መያዣዎቹ ቀጭ ብለው ይይዙታል። ማሽኑ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ተበላሸ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ራሙን አውጥተው እንደገና ያስገቡት፤ በሚገባ አለመግባቱ ከሁሉ የሚዘወተር ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከላፕቶፔ የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ምን ላድርገው?

መልስ፦ አዲሱ ዲስክ ያለ እንከን መሥራቱንና የጎደለ ፋይል አለመኖሩን እስኪያረጋግጡ ድረስ ሳይነኩ ያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ባለ ዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ገብቶ የባክአፕ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ለፋይሎችዎ ብቸኛ መጠባበቂያ አያድርጉት። ለሌላ ሰው የሚሰጡት ከሆነ ፋይሎቹን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉውን ዲስክ በላዩ ላይ የሚጽፍ ማጥፊያ ይጠቀሙ።