ሳይነገር የሚከማች ጥፋት፦ በሥራ ቦታ ንግግርና ሥነ ምግባር ላይ የሐዋሳ አባላት ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ውድ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። በሐዋሳ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ካሳለፍኩት ልምድና ከሕጉ ተነሥቼ በየክፍለ ከተማችሁ ስም የምታቀርቡትን ጥያቄ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። የድርጅትም ሆነ የሰው ስም አትጥቀሱ፤ እዚህ የሌለ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም። እንዲሁም የግል ድርጅት ወይስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንደሆናችሁ ግለጹ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጉዳይ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኛው የሚተዳደርበት ሕግ ሌላ ነው።

ከታቦር፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በግል የልብስ ስፌት ፋብሪካ የአንድ መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። አንዲት ሠራተኛ ደጋግማ ታረፍዳለች። ልጅ እግር ስለሆነችና ዘመድም ስለሌላት ለመናገር አፍሬ ብዙ ጊዜ አለፍኳት። አሁን አስተዳደሩ ሊያሰናብታት ነው። ምን ማድረግ ይገባኛል?

መልስ ሰጪ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ ጊዜ ወስጄ እመልሰዋለሁ። በአዋጁ አንቀጽ 27 መሠረት ሠራተኛን በማርፈድ ምክንያት ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ስምንት ጊዜ ሲያረፍድ ነው። ስለዚህ በቃልም በጽሑፍም ምንም ያልተባለች ሠራተኛ፣ የሰዓት መዝገቧ ምንም ያህል ቢከፋ፣ በዚህ ምክንያት ልትሰናበት አይገባም፤ ይህንኑ ዛሬውኑ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዝምታዎ ነው። እርስዎ እንደ ርኅራኄ ቆጥረውት ይሆናል፤ እርሷ ግን የተማረችው ማርፈድ እንደሚፈቀድ ነው፤ የሰማችው የመጀመሪያ ቃልም የስንብት ወሬ ሆነ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ወደ ከተማችን የመጡት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ ቅጥራቸውን የጀመሩት በስፌት መስመር ላይ ነው፤ በፊርማና በሰዓት የሚለካ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ በግልጽ የሚነግራቸው ሰው ከቅርብ አለቃቸው ሌላ የላቸውም።

እንግዲህ እንዴት ይነገራል? በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ ከማሽኑ ጩኸት ራቅ ብሎ። መጀመሪያ የሆነውን ብቻ ይናገሩ፤ ቀጥሎ ምክንያቱን ይጠይቁና እስክትጨርስ ያዳምጡ። ሰርቪሱ ከሰፈሯ ራቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ወይም በሌሊት ብቻዋን መውጣት የምትፈራ ከሆነ፣ መፍትሔው ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የሰርቪሱን መቆሚያ ማስተካከል ሊሆን ይችላል። ምክንያት ከሌለና ከተደገመ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ላይ «ግዴለሽ»፣ «ሰነፍ»፣ «ሥነ ምግባር የጎደላት» የሚሉ ቃላት አይግቡ። «መጋቢት 3 ቀን ሥራ በ1:30 ሲጀመር በ2:10 ገብተሻል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊጣራ ይችላል፤ እውነት ካልሆነም ልትቃወመው ትችላለች። ለስድብ ግን ማስተባበያ አይገኝለትም። በሲዳምኛ የበለጠ የምትግባባ ከሆነች ቋንቋውን በሚችል ሰው ይነበብላት፤ ፊርማዋም ደብዳቤው መድረሱን እንጂ ጥፋቱን ማመኗን እንደማያሳይ ይነገራት። ይህ ስለማይነገር ነው ብዙ ሠራተኞች «አልፈርምም» እያሉ ከአለቃቸው ጋር የሚጣሉት።

ከመናኸሪያ፦ ደመወዝ እንዲጨመርልኝ እንዴት ብጠይቅ ይሻላል?

መልስ ሰጪ፦ የሠሩትን በዝርዝር ጽፈው ቀጠሮ ይያዙ። በዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚመክር አይጠፋም።

ከአዲስ ከተማ፦ አለቃዬ በጣም ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ ሰጪ፦ ምን ብሎ? መቼ? ማን ባለበት? የግል ድርጅት ነው የመንግሥት? እነዚህን ይጻፉልኝና እመለሳለሁ።

ከመሐል ከተማ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለብቻ መናገር የሚለውን ምክር አልቀበለውም። በግምገማ ላይ ሁሉም ፊት ለፊት ሲነጋገር ሐሜት ይጠፋል። ለብቻ ሲሆን ሁሉም ነገር በዘመድና በመላመድ ተሸፋፍኖ ይቀራል።

ከምሥራቅ፦ ወንድሜ፣ እኔም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ግምገማ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊት ይነገራል የሚባለው አስቀድሞ በየቢሮው የተመከረበት ነው። ኃላፊው ሲተች የሰማሁት ከቦታው መነሣቱ ከታወቀ በኋላ ነበር።

ከመሐል ከተማ፦ ያ የአፈጻጸም ችግር ነው እንጂ የግምገማው አይደለም።

ከሐይቅ ዳር፦ እኛ ጋ ደግሞ ስብሰባው ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይውላል። ስለዚህስ ለምን አንነጋገርም?

መልስ ሰጪ፦ የባለጉዳዩ ነገር ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ራሱን የቻለ ጊዜ ይሰጠው። ወደ ተነሣው ነጥብ ስንመለስ፣ ሁለታችሁም የምትሉት ውስጥ እውነት አለ። የቡድኑን ሥራ፣ ዕቅዱንና የበጀት አጠቃቀሙን በአንድ ላይ ተቀምጦ መተቸት ተገቢ ነው፤ የኃላፊውም ውሳኔ በጉባኤ ቢጠየቅ ደግ ነው። የአንድን ሰው የግል ጉድለት ግን ሠላሳ ሰው ፊት ማንሣት ተጠያቂነትን አያመጣም፤ ሰውየው ያን ቀን የሚያስበው ክብሩን ስለማዳን እንጂ ሥራውን ስለማሻሻል አይደለም። ለብቻ የተነገረው ተሸፋፍኖ እንዳይቀር የሚያደርገው አጭር ማስታወሻ ነው፤ ቀን፣ የተነገረው፣ የተስማሙበት፣ የሁለቱም ፊርማ። ደግሜ እላለሁ፣ ድርጊቱን ጻፉ እንጂ ሰውየውን አትጻፉ።

ከባሕል አዳራሽ፦ የሆቴል ግዥ ሠራተኛ ነኝ። ሥጋና አትክልት የሚያቀርብልን ነጋዴ ለፋሲካ በግ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጨምባላላ ደግሞ ቅቤና ማር ቤቴ ድረስ ይልክልኛል። መመለስ ነውር መሰለኝ። ጉቦ ነው?

መልስ ሰጪ፦ በጉን የላከው ግዥ ክፍሉን ከመያዝዎ በፊት ያውቅዎት ነበር? ነገ ወደ ሒሳብ ክፍል ቢዛወሩስ ይልክልዎታል? መልሱ «አይደለም» ከሆነ ስጦታው የተሰጠው ለወንበሩ ነው። በዓል የጋራ ደስታ መሆኑን አከብራለሁ፤ ደጃፍ የደረሰ ሰው መመለስ እንደሚከብድም አውቃለሁ። ነገር ግን የሚቀጥለው ጨረታ ሲከፈት የእርሱን ዋጋና የሌላውን ዋጋ በእኩል ዓይን ለማየት ይቸገራሉ፤ እርስዎ ባይቸገሩ እንኳ የተሸነፈው ነጋዴ አያምንዎትም። በሩን ሳይዘጉ፣ በአክብሮት «ከሥራዬ ጋር ስለሚጋጭ መቀበል አልችልም» ይበሉ። አስቀድሞ የደረሰውን ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁና ለሠራተኞች የበዓል ምሳ ይዋል። የቤት ሰዎችዎም በሌሉበት እንዳይቀበሉ ይንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በዚያ በኩል ነው።

ከምሥራቅ፦ ጋሼ፣ ይሄ ከበደ። አንድ ኪሎ ቡናም አይቻልም ማለት ነው?

መልስ ሰጪ፦ መጠኑን የድርጅቱ የሥራ ደንብ ይወስን። ደንቡ ዝም ካለ፣ ለኃላፊዎ ለመናገር የሚያፍሩበትን አይቀበሉ።

ከሐዌላ ቱላ፦ ትርፍ ሰዓት ስንት ነው የሚፈቀደው?

መልስ ሰጪ፦ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ርዕሳችን ግን ይህ አይደለም።

ከሐይቅ ዳር፦ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። የቅርብ አለቃዬ ሌሊት የማይገባ መልእክት ይልክልኛል። መልስ ካልሰጠሁ በማግስቱ ከባድ ፈረቃ ይመድበኛል። ብናገር የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም።

መልስ ሰጪ፦ እኅቴ፣ የሚደርስብሽ ነገር ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። በአንቀጽ 32 መሠረትም ሠራተኛ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ ከደረሰበት፣ ወይም ለአሠሪው አመልክቶ አሠሪው በወቅቱ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ለምታምኚው ሰውም አስቀምጪ። የፈረቃ ምደባውን ሰሌዳ ፎቶ አንሺ፤ መልእክቱና ምደባው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ራሱ ይናገራል። ማመልከቻሽን ከእርሱ በላይ ላለው ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቢ። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን አብሮሽ ይግባ።

ይህን ለሚያነቡ ሥራ አስኪያጆችም አንድ ነገር አለኝ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ ከሳሿን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር የተለመደ ሆኗል፤ ይህ እርሷን መቅጣት ነው። እስኪጣራ ድረስ የሚነሣ ሰው ካለ ሥልጣን የያዘው ይነሣ። ሽማግሌ ሰብስቦ «ይቅር ተባባሉ» ማለትም የሠራተኛ ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታችሁን አያወርድላችሁም።

ከአዲስ ከተማ፦ የእኔ ጥያቄ አልተመለሰም። አለቃዬ ሆን ብሎ ያጠቃኛል። ምን ላድርግ?

መልስ ሰጪ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አራት ነገር ጠየቅኩዎት፤ አንዱንም አልነገሩኝም። «ያጠቃኛል» በሚል ቃል ብቻ እኔም ፍርድ ቤትም ልንረዳዎት አንችልም። ድርጊቱን ይጻፉልኝ።

ከታቦር፦ ከድርጅታችን በስርቆት ስለተሰናበተ ሠራተኛ አዲስ ቀጣሪው ስልክ ደወለልኝ። እውነቱን ልናገር ወይስ እንጀራውን አልዝጋ?

መልስ ሰጪ፦ አዋጁ የሚያዘው የሥራ ምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ነው። በስልክም ከዚህ አይለፉ። ስርቆቱ በፍርድ ካልተረጋገጠ ወሬ አቀባይ ይሆናሉ፤ «በጣም ጥሩ ሠራተኛ ነበር» ብለው ቢመሰክሩ ደግሞ አዲሱን ቀጣሪ ያታልላሉ።

ከአዲስ ከተማ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን በዝርዝር ልጻፍ። በግል ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ሚያዝያ 14 ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሦስት ሠራተኞች ባሉበት «አንተ ሌባ ነህ» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ለጠፋ ዕቃ ተብሎ 800 ብር ከደመወዜ ተቆረጠ። የፈረምኩት ነገር የለም።

መልስ ሰጪ፦ አሁን ተነጋገርን። ሁለቱን ጉዳዮች ለየብቻ ያቅርቡ። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ አሠሪውና ሠራተኛ ማኅበሩ በተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤዎ «800 ብሩ የተቆረጠው በየትኛው ድንጋጌ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ስለ ስድቡ አንድም ቃል አይግባበት። የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት መጠየቅ ስለማይቻል፣ አይዘግዩ። ሁለተኛው ደብዳቤ የተባለውን ቃል፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰሙትን ሰዎች ብቻ ይያዝ፤ ምስክሮቹን ግን ሳያስፈቅዱ ስማቸውን አያስገቡ። «ሊያጠፋኝ ይፈልጋል» የሚለውን ግምት ይተዉት። ሁለቱንም ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ።