ፓወር ሲሪስ (ማለቂያ የሌለው የኤክስ ፓወሮች ድምር) ያስቸገራችሁ፣ ጠይቁ፦ ለወሎ የአፕላይድ ማቲማቲክስ 2 ተማሪዎች

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ የ1/(5−2ኤክስ)ን ሲሪስ ለማውጣት ድሪቫቲቩን ደጋግሜ እሠራለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ይምታታብኛል። አቋራጭ አለው?

መልስ፦ አብሽር፣ አለው። ድሪቫቲቭ መደጋገም ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ጂኦሜትሪክ ሲሪስን ያዝ፦

1/(1−ኤክስ) = 1 + ኤክስ + ኤክስ² + ኤክስ³ + …

ታችኛው በ1 መጀመር ስላለበት 5ን ወደ ውጭ አውጣ፦ (1/5) · 1/(1−2ኤክስ/5)። ከዚያ በኤክስ ቦታ 2ኤክስ/5ን አስገባ፦

1/5 + 2ኤክስ/25 + 4ኤክስ²/125 + …

ነጥብ የሚያስቀንሰው ራዲየሱ ነው፤ ማለትም ሲሪሱ ከ0 ተነስቶ እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚሠራ። ብዙዎች 1 ብለው ይተዉታል። |2ኤክስ/5| < 1 መሆን ስላለበት ራዲየሱ 5/2 ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የኤልኤን(5−2ኤክስ)ስ (የናቹራል ሎጋሪዝሙ)? ኢንተግሬት ሳደርግ መልሴ ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ ኮንስታንቱን ረስተሽ ይሆናል፣ እህቴ። ድሪቫቲቩ −2/(5−2ኤክስ) ነው፤ የላይኛውን ሲሪስ በ−2 አባዢና እያንዳንዱን ተርም ኢንተግሬት አድርጊ፦

ሲ − 2ኤክስ/5 − 2ኤክስ²/25 − …

አሁን ኤክስ = 0 አስገቢ። በግራ ኤልኤን 5 ይቀራል፣ በቀኝ ሲ ብቻ። ስለዚህ ሲ = ኤልኤን 5፣ ማለትም 1.609 ገደማ። በኤልኤን(1+ኤክስ) ላይ ሲ ዜሮ ስለሚሆን ነው ብዙ ሰው መጻፉን የሚተወው፤ ልማዱ እዚህ ላይ ይጥላል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ በኤልኤን(1+ኤክስ) ሲሪስ ኤክስ = 1 አድርጌ ኤልኤን 2ን ፈለግሁ። 10 ተርም ደምሬ 0.6456 ብቻ መጣ። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ድምሩ ልክ ነው። 1 ሲሪሱ የሚሠራበት ኢንተርቫል ጫፍ ስለሆነ እዚያ ኮንቨርጅ ቢያደርግም (ወደ ትክክለኛው ቁጥር ቢጠጋም) በጣም ይዘገያል። የኤልኤን(1−ኤክስ)ን ሲሪስ ከኤልኤን(1+ኤክስ) ላይ ቀንስ፤ ጥንድ ፓወሮቹ (ኤክስ²፣ ኤክስ⁴ …) ይጠፋሉ፦

ኤልኤን((1+ኤክስ)/(1−ኤክስ)) = 2(ኤክስ + ኤክስ³/3 + ኤክስ⁵/5 + …)

ኤክስ = 1/3 ሲሆን ግራው ኤልኤን 2 ይሆናል። 3 ተርም ብቻ ደምር፦ 2(0.333333 + 0.012346 + 0.000823) = 0.693004። ትክክለኛው 0.693147 ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲያምር!

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አርክታንጀንት ለሁሉም ቁጥር ይሠራል፤ ታዲያ ራዲየሱ ለምን 1 ሆነ?

መልስ፦ ሲሪሱ የሚወጣው ከ1/(1+ኤክስ²) ነው። ይህ ደግሞ በኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ኤክስ² = −1 ሲሆን፣ ታችኛው ዜሮ ይሆናል። ከ0 እስከዚያ ነጥብ ያለው ርቀት 1 ነው። በሪል መስመር ላይ ብቻ ከፈለግኸው እንቅፋቱ አይታይህም።