መልስ፦ የሪንግ እና የሄክት ዶሜይን ልዩነት

"ሁለቱም የኢ3 ኢንዛይም ዶሜይኖች ከሆኑ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?" ብለህ ጠይቀሃል። ኢ3 ማለት ዩቢኩቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን እንደ "ይወገድ" ምልክት ሌላ ፕሮቲን ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርግ ኢንዛይም ነው፤ ዶሜይን ደግሞ የራሱ ሥራ ያለው የፕሮቲን ክፍል ነው። ልዩነቱ ዩቢኩቲኑን ማን ይይዘዋል የሚለው ላይ ነው።

ሄክት ራሱ ይይዛል። ዩቢኩቲኑ ከኢ2 (ዩቢኩቲኑን ተሸክሞ ከሚያመጣው ኢንዛይም) ተነስቶ መጀመሪያ ሄክት ላይ ካለ አንድ ሲስቴይን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ነው ወደሚወገደው ፕሮቲን፣ አብዛኛውን ጊዜ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲዱ ላይ፣ የሚተላለፈው። ሪንግ ግን እንደ ደላላ ነው፤ ኢ2ን እና ፕሮቲኑን ያገናኛል እንጂ ዕቃው በእጁ አያልፍም። ቅርጹን አጥብቀው የያዙለት ሁለት የዚንክ አየኖች ናቸው።

ለሄክት ጥሩው ምሳሌ ኢ6ኤፒ የሚባለው ኢ3 ኢንዛይም ነው። ኤችፒቪ 16 የተባለው ቫይረስ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ይሄን ኢንዛይም ጠልፎ ፒ53 በሚባል ፕሮቲን ላይ ያዘምተዋል። ፒ53 የዩቢኩቲን ሰንሰለት ይለጠፍበትና ፕሮቲያዞም (የሴሉ ፕሮቲን መከታተፊያ) ገብቶ ይከታተፋል። ካንሰር የሚከላከለው ፕሮቲን አለቀ ማለት ነው። ቫይረሱ የማህፀን በር ካንሰር ከሚያመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። እኔ ብሆን ለፈተና ይሄን ነበር የምሸመድደው።

ደግሞ ፓርኪን በሚባለው ኢ3 ላይ እንዳትሸወድ! ሪንግ የሚባል ክፍል ቢኖረውም፣ ልክ እንደ ሄክት ዩቢኩቲኑን በሲስቴይን ተቀብሎ ነው የሚያሳልፈው።