ፍሬኑ ተቆልፎ ክሩ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ባሕር ዳር ካለ ወጣት ነው። ዘጌ አካባቢ ከጀልባ ላይ፣ ክር የሚያጠነጥን ሪል በተገጠመለት ዘንግ ዓሣ ያሰግራል። «ትልቅ አምባዛ ሲይዝልኝ የሪሉን ፍሬን እስከ መጨረሻ አጠብቀዋለሁ። ክሩ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። እጀታውን ባዞረውም አይመለስም። አንድ ጠጋኝ የፍሬኑን ሮንዴላ ቀየረልኝ፣ ከክሩ ሥርም ሱፐር ግሉ አደረገበት፤ ያው ነው» ይላል።

ወንድሜ፣ እኔን የያዘኝ አንድ ቃልህ ነው፤ «ዝም ብሎ» ያልከው። ፍሬን ሲንሸራተት ማጠንጠኛው፣ ክሩ የሚጠመጠምበት ክብ፣ ይዞራል። ማጠንጠኛው ሲዞር ደግሞ ሪሉ ጢክ ጢክ ይላል። ያንተ ድምፅ ከሌለው ማጠንጠኛው አልዞረም፤ የዞረው ክሩ ነው። የክሩ ጥቅል በሞላው፣ ጣት ላይ እንደላላ ቀለበት፣ ማጠንጠኛው ላይ እየተሽከረከረ ነው። ስለዚህ ፍሬኑን ለጊዜው ተወው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። በማርከር ከክሩ ጥቅል ጀምረህ እስከ ማጠንጠኛው ጠርዝ ድረስ አንድ መስመር ሳብ። ፍሬኑን ቆልፍ። የክሩን ጫፍ ዱላ ላይ ጠምጥመህ ሰው ይጎትትልህ። መስመሩ ለሁለት ከተለያየ አገኘኸው። ዱላ ላይ ነው ያልኩህ፣ እጅ ላይ አይደለም። እኔ በግራ አመልካች ጣቴ ላይ ከመጀመሪያው አንጓ በታች ዙሪያውን የሚሄድ ነጭ መስመር አለኝ። ክሩን ሁለት ዙር ጠምጥሜ ስይዝ ዓሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጎተተው። ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ደሙን አየሁት።

ክርህ የተጎነጎነው፣ ያ እንደ ሹሩባ የተሠራው ቀጭኑ እንደሆነ ሳትነግረኝም እገምታለሁ። ለምን እንደሚንሸራተት ልንገርህ፣ ይህን ከያዝክ ሌላው ሁሉ ይገባሃል። እናቶቻችን ሲፈትሉ አይተሃል። ጥጥ ሸካራ ስለሆነ እንዝርቱን ሁለት ዙር ከያዘ አይለቅም። ናይለን ሸካራ አይደለም፣ ግን ይሳባል። ተስቦ ከተጠመጠመ በኋላ ወደ ነበረበት ልመለስ ይላል፤ መመለሻ ስለሌለው ማጠንጠኛውን እንደ ፋሻ ጨምቆ ይይዘዋል። በላዩ የሚመጣው እያንዳንዱ ዙር ደግሞ የታችኛውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ጣና ላይ ከገቡበት ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እጃችን የለመደው ይህንን ነው። ክር ሁሉ እንደዚያ የሚይዝ ይመስለናል። የተጎነጎነው ግን ፖሊኢቲሊን ነው፣ የጀሪካንና የፌስታል ዘመድ። በውፍረቱ ልክ ከናይለን እጅግ ይጠነክራል፣ ግን ብትጎትተውም አይረዝምም ማለት ይቻላል። ላዩም ሙልጭልጭ ነው። ያልተሳበ ነገር ደግሞ አይጨምቅም። ከሥሩ ያለው የተወለወለ አሉሚኒየም ነው። ታዲያ አምባዛው ሲጎትት ምን ይዞት ይቁም?

ሱፐር ግሉውም ያልሠራው ለዚሁ ነው። የተቀደደ ጀሪካን በሱፐር ግሉ ለመድፈን የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ሳይመረምሩ ደህናውን ሮንዴላ ቀይሮ ገንዘብ መቀበል በጣም ያናድደኛል። ያ ጠጋኝ ድምፁን ቢያዳምጥ ኖሮ አንድ ብር አታወጣም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ክሩን በሙሉ ወደ ባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ አዙረው። የሱፐር ግሉውን ቅርፊት በእንጨት ፋቅ፣ ቢላዋ እንዳታስገባ። ቢላዋ የጫረው ጠርዝ ክር ይበላል። የቀረውን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ ግራሶ ካለበትም በሳሙና አጥበህ አድርቀው።

ከዚያ 0.35 ሚሊሜትር የሆነ ናይለን ወደ 10 ሜትር ያህል ቀድመህ ጠምጥም። ማጠንጠኛውን ጨምቆ የሚይዝልህ እሱ ነው። ናይለን ካጣህ አንድ ዙር ናስትሮ ለጥፈህበት ክሩን ከላዩ አስር፤ ይሠራል፣ ግን ሙቀት ሲመታው ማጣበቂያው ስለሚቀልጥ እኔ አልወደውም።

ሁለቱን ክሮች ስታያይዝ ጫፎቻቸውን ጎን ለጎን አስተኛ። ናይለኑን አጥፈህ ቀለበት ሥራ፣ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ እያሾለክህ ሁለቱንም ክር 5 ጊዜ ጠምጥም። የተጎነጎነውን በሌላው በኩል እንዲሁ፣ ግን 8 ጊዜ፤ ሙልጭልጭ ስለሆነ ዙር ይፈልጋል። በምራቅ አርጥበህ ቀስ ብለህ ሳበው። በደረቁ ከሳብከው ፍትጊያው ናይለኑን ያቃጥለዋል፣ ቋጠሮውም መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው።

የተጎነጎነውን ስትመልስ በታጠፈ እርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ አጠንጥን። በላላ የተጠመጠመ ክር ዓሣ ሲጎትት የላይኛው በታችኛው ውስጥ ይሰምጥና ይቆለፋል። ከጠርዙ 2 ሚሊሜትር ሲቀረው አቁም።

አሁን ዋናው ነገር። እስከ ዛሬ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ቆልፈህ ዘንግህ ያልተሰበረው ክሩ ስለተንሸራተተ ነው። ከእንግዲህ አይንሸራተትም። ክርህ 10 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ላይ መልቀቅ አለበት። የመንጠልጠያ ሚዛን ጫፉ ላይ አስረህ እየሳብክ አስተካክል። በርካሽ የገዛኸው ክር ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ አትመን፣ ከዚያም ዝቅ አድርግ።

ለሙከራ ስትወጣ ክረምት ከሆነ የጉማራና የርብ ወንዞች ጣና የሚገቡበትን አፍ ተወው። ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ ሞልቷል። መንጠቆህ ደንገል ወይም እምቦጭ ውስጥ ከተያዘብህ ክሩን መቅዘፊያው ላይ ጠምጥመህ ጎትት። ደግሜ እለዋለሁ፣ እጅህ ላይ እንዳትጠመጥም። ጓንት አድርጌያለሁ ብለህም አትዘናጋ፣ ይቆርጠዋል። የተበጠሰውን ክር ሰብስበህ ይዘህ ተመለስ፤ የወፍ እግር ያስራል፣ የሞተር ፕሮፔለር ውስጥም ገብቶ ዘይቱን የሚያሽገውን ጎማ ይበላል።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ ክሩ አሁን ጢክ ጢክ እያለ ያለልክ ከሄደ፣ ያኔ ሮንዴላው ነው። ያ ጠጋኝ ሲቀይር የመኪና ግራሶ ነክሮበት ይሆናል። የአደራደሩን ፎቶ አንስተህ ፍታው፣ በሳሙና እጠብ፣ በደንብ አድርቅና በነበረው ተራ መልሰው።